ሁለት ረጃጅሞችና አንድ የነጥብ ወረቀት



የዛሬው መድረክ አዘጋጆች ደውለው ርዕስ ሲጠይቁኝ «ስለ ሁለት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች አወራለሁ» አልኳቸው። «ስለ ስፖርት ነው ወይስ ስለ ሂሳብ?» አሉኝ። «ስለ ላብ ነው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ዛሬ ላቡን በቁጥር ካላሳየኋችሁ ቃሌን እንዳጠፍኩ ቁጠሩት።

በአንድ ወረቀት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አሪዞና ውስጥ ግሌንዴል በምትባል ከተማ የአሜሪካ ኮሌጆች የወንዶች ቅርጫት ኳስ ፍጻሜ ነበር። የኢንዲያናው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲና የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ተገናኙ። ከቅርጫቱ ሥር ሁለት ግዙፍ ልጆች ይጋፋሉ። ጨዋታው አልቆ ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ የወጣው ወረቀት እንዲህ ይላል፦ የፐርዱው ዛክ ኢዲ 37 ነጥብ፣ 10 ሪባውንድ (ሳይገባ ተመልሶ የያዘው ኳስ)፣ ከ25 ሙከራ 15 ያገባ። የኮነቲከቱ ዶኖቫን ክሊንገን 11 ነጥብ፣ 5 ሪባውንድ።

ጨዋታውን ያላየ ሰው ጠርቼ ይህን ወረቀት ላሳየውና «ከሁለቱ የማንኛው ቡድን አሸነፈ?» ልበለው። ትንሽ እንኳ አያስብም። 37 ያገባውን ይለኛል። እናንተም ትሉ ነበር፤ እኔም እል ነበር። ኮነቲከት 75 ለ 60 አሸነፈ። በ15 ነጥብ ልዩነት! በነገራችን ላይ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ በኢንዲያና ዋና ከተማ በኢንዲያናፖሊስ ሰማይ ላይ ፀሐይ ሙሉ በሙሉ ተጋርዳ ነበር። የፐርዱ ደጋፊ በአንድ ቀን ሁለቴ ጨለመበት።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ ይኸው ነው። ወረቀቱ አልዋሸም። 37ቱም ነጥብ ገብቷል፣ ዳኛ አጽድቆታል፣ ከ74 ሺህ በላይ ሕዝብ በዓይኑ አይቶታል። ታዲያ ምኑን ነው ያልነገረን?

ወረቀቱን የማውቀው ከውስጥ ነው። ለዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ በሰፈር ልጆች ጨዋታ ላይ ጠረጴዛ ሥር እግሬን አጣጥፌ ነጥብ መዝግቤያለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። ኳስ ገባ፣ ጭረት። ሪባውንድ ተያዘ፣ ጭረት። ፋውል፣ ጭረት። አንድ ቅዳሜ ጨዋታው ሲያበቃ ሽማግሌው አሰልጣኝ መጥተው ትከሻዬ ላይ ጎንበስ አሉና ወረቀቱን አዩ። ጣታቸውን በአንድ ረጅም ልጅ ስም ላይ አሳረፉ።

«ለዚህ ልጅ 4 ነጥብ ብቻ ነው የጻፍክለት?»

«4 ነው ያገባው፣ ጋሼ።»

«እሱ እዚያ ባይቆም ኖሮ 20 ይገባብን ነበር። ያንን የት ጻፍከው?»

«ለዚያ ዓምድ የለውም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው አስምርለት!» ብለው ሄዱ።

አሰመርኩለት። በወረቀቱ ቀኝ ዳር፣ በእርሳስ፣ ጠባብ ዓምድ። «የተመለሱ» ብዬ ሰየምኩት። ኳስ ይዞ ወደ ቅርጫት ገስግሶ፣ ረጅሙን ልጅ ሲያይ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ ሁሉ አንድ ጭረት ነው። ኳሱ አልተወረወረም፣ አልተመታም፣ አልተነጠቀም። በየትኛውም ደንብ ምንም አልሆነም ማለት ነው። በእርሳሴ ግን ሆኗል።

ወደ ሁለቱ ልጆች ልመለስ።

ዛክ ኢዲ የቶሮንቶ ልጅ ነው፤ ካናዳዊ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ24፣ ክብደቱ 136 ኪሎ ገደማ። በልጅነቱ የበረዶ ሆኪና ቤዝቦል ነበር የሚጫወተው፤ ቅርጫት ኳስ በቅጡ የጀመረው 10ኛ ክፍል ከደረሰ በኋላ ነው። ኮሌጆች ተጫዋች ሲመለምሉ በሚወጣው ዝርዝር ላይ ከሱ በፊት ከ400 በላይ ስሞች ነበሩ። ከአራት ዓመት በኋላ የአገሪቱ ምርጥ ኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ ሁለት ዓመት በተከታታይ ተሸለመ፣ በ2023 እና በ2024። ከሱ በፊት ይህን ለመጨረሻ ጊዜ ያደረገው በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቨርጂኒያው ራልፍ ሳምሰን ነበር። በመጨረሻው ዓመቱ በአማካይ 25.2 ነጥብና 12.2 ሪባውንድ ነበረው። በአገሪቱ ከሱ በላይ ነጥብ ያገባ አልነበረም።

ዶኖቫን ክሊንገን ደግሞ የኮነቲከት ተወላጅ ነው፤ ብሪስቶል ከምትባል ከተማ፣ ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን. የሚባለው የስፖርት ቴሌቪዥን ዋና መሥሪያ ቤት ካለባት። 2 ሜትር ከ18፣ 127 ኪሎ። እናቱም የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበሩ፤ በ2018 በካንሰር አረፉ። እሱ የእሳቸውን 32 ቁጥር ለብሶ ተጫወተ። በዚያው የውድድር ዓመት አማካዩ 13 ነጥብ፣ 7.4 ሪባውንድ፣ 2.5 ብሎክ (በእጁ ያገደው ውርወራ) ነበር።

25 እና 13። ግማሹ ነው ማለት ነው። ክርክሩ እዚህ ላይ ያለቀ የሚመስለው ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ነጥቡን ለጊዜው እተወውና ከሁሉ በፊት ደቂቃውን አያለሁ። ኢዲ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 32 ደቂቃ ሜዳ ላይ ነበር፤ ክሊንገን 22.6። የኮሌጅ ጨዋታ 40 ደቂቃ ነው። ሁለቱም 40 ደቂቃ ቢጫወቱ ብለን ብናሰላው ኢዲ 31.5 ነጥብና 15 ሪባውንድ፣ ክሊንገን 23 ነጥብና 13 ሪባውንድ ይደርሳቸዋል። ብሎክ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኢዲ 2.8 ገደማ፣ ክሊንገን 4.4። እጥፍ የነበረው ልዩነት ጠበበ። ኢዲ ግን አሁንም በነጥብ ይበልጣል፤ ይህን አልክድም።

አሁን ደግሞ እባካችሁ አንድ ነገር አስተውሉ። በ2024 ኢዲ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ክሊንገን ሁለተኛ ዓመቱ። የአራተኛ ዓመትን ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጋር አንድ ፈተና ላይ አስቀምጠን ነው ውጤት የምናነበው። ስለዚህ የኢዲን የሁለተኛ ዓመት ወረቀት ከመሳቢያ አወጣሁ። 19 ደቂቃ፣ 14.4 ነጥብ፣ 7.7 ሪባውንድ፣ 1.2 ብሎክ። የክሊንገን ሁለተኛ ዓመት፦ 22.6 ደቂቃ፣ 13 ነጥብ፣ 7.4 ሪባውንድ፣ 2.5 ብሎክ። ብሎኩን ትታችሁ ስሞቹን ብትሸፍኗቸው የማን የማን እንደሆነ የምትለዩ አይመስለኝም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን የሚከተለው ነው። የኢዲን የሁለተኛ ዓመት 14.4 ነጥብ በ19 ደቂቃ አካፍሉና ወደ 40 አውጡት፤ 30.3 ይሆናል። የአራተኛ ዓመቱን ቅድም አይተናል፤ 31.5 ነው። ሪባውንዱ እንዲያውም ከ16 ወደ 15 ወርዷል። በደቂቃ ሲታይ ልጁ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር! የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ያኔም እዚያ ውስጥ ነበረ፤ ሽልማት የሰጠው ግን አልነበረም፣ ምክንያቱም በየጨዋታው ለ19 ደቂቃ ብቻ ነበር የሚታየው። ከ19 ወደ 32 የወሰደው ምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ከሱ ጋር ቦታውን ይጋራ የነበረው ትሬቪየን ዊሊያምስ መመረቁ ነው። ቦታ ክፍት ስለሆነ ብቻ ግን 136 ኪሎ ሰው 32 ደቂቃ አይሮጥም። የሳንባና የጉልበት ነገር ነው።

ይህን ስል አንዳንዱ «ኧረ ተወን፣ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ቁመት ደግሞ የእግዜር ስጦታ ነው» ይለኛል። እስቲ እናስላው። ከአንዱ ቅርጫት እስከ ሌላው 25 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። አንድ የኮሌጅ ቡድን በጨዋታ ወደ 68 ጊዜ ያህል ኳስ ይዞ ያጠቃል፤ ተጋጣሚውም እንዲሁ። የመሃል ተጫዋች ከራሱ ቅርጫት ሥር ተነሥቶ የሌላው ቅርጫት ሥር ካልደረሰ ሥራ የለውም። 40 ደቂቃውን ሙሉ ሜዳ ላይ ለቆየ በግምት 135 ጊዜ በ25 ሜትር፣ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ይህ ለባለ 80 ኪሎው አቀባይ ምንም አይደለም። ለባለ 136 ኪሎው ደግሞ መድረስ የሥራው መጀመሪያ ነው። ሲደርስ ሌላ ግዙፍ ሰው ጀርባው ላይ ተደግፎ፣ ክርኑን ወገቡ ውስጥ ሸጉጦ ይጠብቀዋል። ኢዲ በአማካይ ከ11 በላይ ቅጣት ምት በየጨዋታው ይወረውር ነበር። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው «ዳኛ ያዳላለታል» ብሎ ያነበዋል። እኔ ግን ቢያንስ አምስት ስድስት ጊዜ ተመትቶ እንደተነሣ ነው የማነበው። ዳኛ ያላየው ሲጨመር ስንት ይሆናል?

ስለዚህ የኢዲ ልፋት ወረቀት ላይ አለ። ሰው ልፋቱን የማያየው የደቂቃው ዓምድ በጣም ጠባብ ስለሆነና ከስሙ አጠገብ ተጣብቆ ስለሚጻፍ ነው። ዓይናችን ዘሎት ወደ ነጥብ ይሄዳል።

የክሊንገን ግን አስቸጋሪ ነው።

ከፍጻሜው ዘጠኝ ቀን በፊት፣ ማርች 30፣ ቦስተን ላይ ኮነቲከት ከኢሊኖይ ጋር ተጫወተ። ለመጨረሻዎቹ አራት ለማለፍ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሲል 23 እኩል ነበሩ። ከዚያ የሆነውን ለማመን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ኮነቲከት 30 ነጥብ ሲያገባ ኢሊኖይ አንድም አላገባም። ዜሮ። 23 ለ 23 የነበረው 53 ለ 23 ሆነ።

እንዴት ሆነ? የኢሊኖይ ልጆች ፈጣንና ደፋር ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ የደረሱት ወደ ቅርጫት እየሰነጠቁ እየገቡ ነው። ያን ቀንም ገቡ። ክሊንገን ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ሳይዘል፣ ግድግዳ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ያለመዝለሉን ልብ በሉ፤ ወጣት ረጅም ልጅ ኳስ ሲመጣበት የመጀመሪያ ስሜቱ መዝለል ነው። የዘለለ ሰው አየር ላይ ሳለ አቅጣጫ መቀየር አይችልም፤ አጥቂው ጠብቆ ይጋጨዋል፣ ፋውል ይሆናል። ሳይዘሉ መቆየት ስልጠና ነው፤ ራስን መግዛት ነው። ከሩቅ ሲያዩት ግን ምንም የማያደርግ ሰው ይመስላል። አጥቂው ይወረውራል፣ ኳሱ ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ቀለበቱን ይስታል። እንደገና ይመጣል፣ እንደገና ይስታል። ክሊንገን ቀርቦ የተከላከላቸው የኢሊኖይ ሙከራዎች 19 ነበሩ። ስንቱ ገባ? አንድም። ከ19 ዜሮ። ጨዋታው 77 ለ 52 አለቀ።

የዚያን ቀን ወረቀት ክሊንገንን 22 ነጥብ፣ 10 ሪባውንድ፣ 5 ብሎክ ይለዋል፤ ያውም በ22 ደቂቃ ውስጥ። ጥሩ ወረቀት ነው። ግን ከ19ኙ ቢበዛ 5ቱን ነው ብሎክ ብሎ የመዘገበው። የቀሩት 14 ሙከራዎች በኢሊኖይ ልጆች ስም «የሳተ» ተብለው ተጻፉ። እነሱ የሳቱ ናቸው፤ ያሳታቸው ስም የለም። የክሊንገንን ልፋት የተጋጣሚው ወረቀት ላይ ነው የምታገኙት፣ በሌላ ሰው ዕዳ መልክ። እነዚያ 19ኙ ደግሞ ቢያንስ የተወረወሩት ናቸው። ሳይወረወሩ የተመለሱትን፣ የእኔ እርሳስ የሚያውቃቸውን፣ ማን ይቁጠራቸው?

ይህ አዲስ ችግር አይደለም። ብሎክ ራሱ በኮሌጅ ይፋዊ መዝገብ ውስጥ የገባው ከ1985-86 የውድድር ዓመት ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ታላላቅ ረጃጅሞች ስንት ኳስ እንደመለሱ በይፋ መዝገብ የተጻፈላቸው ነገር የለም። ቢል ራስልን አስቡት። በ1955 እና በ1956 የሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲን ሁለቴ ሻምፒዮን ያደረገው በመከላከል ነው፤ በወረቀት ላይ ግን ነጥቡና ሪባውንዱ ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ግሌንዴል እንመለስ። ያን ማታ የሆነውን ለመረዳት አንድ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። በማርች 2023 በዚሁ ውድድር ፐርዱ፣ አንደኛ ደረጃ የተሰጠው ቡድን፣ 16ኛ ደረጃ በተሰጠው በትንሹ ፌርሊ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ 63 ለ 58 ተሸንፎ ነበር። ያ ቡድን በአማካይ ቁመት በአገሪቱ ካሉት የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ቡድኖች ሁሉ አጭሩ ነበር። ያደረጉት ኢዲን መክበብ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ኢዲ 21 ነጥብና 15 ሪባውንድ ነበረው፤ ጓደኞቹ ግን ክፍት ሆነው ከሩቅ ሲወረውሩ ሳቱ። ፐርዱ በዚያ ቀን ከ26 የሦስት ነጥብ ሙከራ 5 ብቻ ነው ያስገባው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፐርዱ ተለወጠ። ከሩቅ ከመቶ 40 ገደማ የሚያስገባ፣ በጨዋታ 20 ያህል የሚሞክር ሆነ፤ በሚያስገባው መቶኛ በአገሪቱ ሁለተኛ። አሁን ኢዲን የከበበ በሩቅ ወርዋሪዎቹ ይቀጣል።

የኮነቲከቱ አሰልጣኝ ዳን ሀርሊ የፌርሊ ዲኪንሰንን ተቃራኒ አደረገ። ኢዲን አልከበበም። ለክሊንገን ብቻውን ሰጠው። የቀሩት አራቱ ልጆች የፐርዱን ወርዋሪዎች እንደ ጥላ ተከተሉ፤ ኳስ ወደ ኢዲ ሲገባ አንድ እርምጃ እንኳ ለእርዳታ አልተጠጉም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከመቶ 40 የሚገባ የሦስት ነጥብ ውርወራ በአንድ ሙከራ 1.2 ነጥብ ያመጣል። ከመቶ 60 የሚገባ የሁለት ነጥብ ሙከራም 1.2 ያመጣል። ኢዲ ያን ማታ 15 ከ25 አገባ፤ በትክክል ከመቶ 60። እኩል ነው! ታዲያ ሀርሊ ምን አተረፈ? ያተረፈው ሌላ ቦታ ነው። ኢዲ ተከቦ ኳስ ሲያወጣ አምስቱም ልጆች ይጫወታሉ፤ ኳሱ ይዞራል፣ ክፍት የሆነ ያገኘዋል፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ይነቃቃል። ኢዲ ብቻውን ሲያገባ ግን አራቱ ቆመው ያያሉ። ኢዲ ይገፋል፣ አንዴ በትከሻው፣ ሁለቴ በወገቡ፤ ይዞራል፣ በቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ያነሣል፣ ያገባል። ከዚያ ወደ ኋላ 25 ሜትር ይሮጣል። ክሊንገንን ከመከላከል ሌላ፣ በስክሪን፣ በጓደኛቸው አካል ተከልለው፣ አምልጠው የሚመጡትን ፈጣኖቹን ትሪስተን ኒውተንንና ስቴፈን ካስልን ይጠብቃል። ከዚያ እንደገና 25 ሜትር። ፐርዱ በዚያ ፍጻሜ ስንት የሦስት ነጥብ ሙከራ እንዳደረገ ታውቃላችሁ? 7። ያስገባው 1። በጨዋታ 20 ይሞክር የነበረ ቡድን! ከኢዲ በቀር የቀሩት ልጆች ሁሉ ተደምረው 23 ነጥብ። በኮነቲከት በኩል ኒውተን ብቻውን 20፣ ካስል 15።

እንግዲህ የክሊንገን ሥራ ኢዲን ማስቆም አልነበረም። እርዳታ አለመጠየቅ ነበር። ተገፍቶ፣ ነጥብ ገብቶበት፣ እንደገና ተመልሶ እዚያው ቦታ መቆም። በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በቴሌቪዥን እያየው 37 ነጥብ እንዲገባበት መፍቀድ ለአንድ የ20 ዓመት ልጅ ቀላል ነው? ጓደኛውን «ናልኝ!» ብሎ ቢጠራ ማንም አይወቅሰውም ነበር። አንድ ጊዜ ቢጠራ ግን ጥጉ ላይ አንድ ወርዋሪ ክፍት ይሆናል። ለዚህ ደግሞ እኔም ዓምድ አላሰመርኩም፤ እንዴት እንደሚሰመርም አላውቅበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልስጥ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ «ቁጥር ዋጋ የለውም» ብላችሁ እንዳትወጡ። እኔ ያልኩት የዚያን ተቃራኒ ነው፤ የደቂቃ ዓምዱ ባይኖር የኢዲን ልፋት አላገኘውም ነበር፤ የኢሊኖይ የሳቱ ኳሶች ባይቆጠሩ የክሊንገንን አላገኘውም። የአንድ ማታ ቁጥር ብቻውን ሲያዝ ነው የሚያሳስተው። ጥሩ ማስረጃ አንድ የ1968 የኮሌጅ ጨዋታ ነው። ጃንዋሪ 20፣ ሂውስተን፣ አስትሮዶም በሚባለው ግዙፍ አዳራሽ፣ 52,693 ተመልካች ፊት የሂውስተኑ ኤልቪን ሄይስ 39 ነጥብና 15 ሪባውንድ ሠራ። የተጋጣሚው የዩ.ሲ.ኤል.ኤ. ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ሉ አልሲንዶር፣ በኋላ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው፣ ከ18 ሙከራ 4 ብቻ አገባ፤ 15 ነጥብ። ሂውስተን 71 ለ 69 አሸነፈ፤ ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በተከታታይ ያሸነፋቸው 47 ጨዋታዎች እዚያ ቆሙ። ያን ወረቀት ብቻ የያዘ ሰው ሄይስ ይበልጣል ብሎ ይፈርዳል። አልሲንዶር ግን ከጥቂት ቀን በፊት ዓይኑ ተቧጭሮ፣ ሁለት ጨዋታ ቀርቶ፣ በአንድ ደህና ዓይን ነበር የተጫወተው። በማርች በግማሽ ፍጻሜው እንደገና ተገናኙ። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. 101 ለ 69፤ ሄይስ 10 ነጥብ። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ።  

እንግዲህ ፍርዴን ስጥ ትሉኝ ይሆናል፤ ከመድረክ ወርጄ ቡና ስንጠጣ ከምትይዙኝ እዚሁ ልናገር።

በ2024 የተሻለው ተጫዋች ዛክ ኢዲ ነበር። አንድ ጨዋታ በሌላው ላይ፣ 39 ጨዋታ፣ 32 ደቂቃ፣ ያንን ሸክም ተሸክሞ የሄደ ሌላ አላየሁም። ከፍጻሜው ስምንት ቀን በፊት ቴነሲ ላይ 40 ነጥብና 16 ሪባውንድ ሠርቶ ፐርዱን 72 ለ 66 ያሳለፈውም እሱ ነው። በሁለቱ መካከል ስለተደረገው ግጥሚያ ብቻ ከሆነ ደግሞ ክሊንገን የተሰጠውን ሥራ ፈጽሟል፤ የእሱ ሥራ ግን ኢዲ የሠራውን ያህል ከባድ ነበር ብዬ አልፈርድም። ክሊንገን ከአራት ጥሩ ጓደኞች ጋር ነበር፤ በዲሴምበርም እግሩን ታሞ አምስት ጨዋታ አምልጦታል። 32 ደቂቃ ቢሰጠው ያንኑ ግድግዳ ይሆን ነበር? የደቂቃ ዓምዱ ስላልተሞላ መልስ የለኝም፤ ኢዲ ግን ሞልቶታል። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የባለሙያዎቹ ሊግ አዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ፖርትላንድ ክሊንገንን በ7ኛ፣ ሜምፊስ ኢዲን በ9ኛ ወሰዱ። እነሱ ወደፊት የሚሆነውን ሲገምቱ ነው፤ እኔ የሆነውን ነው የፈረድኩት።

አሁን ለናንተ የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ማርች ውድድሩ ሲጀመር አንድ ግማሽ ጨዋታ ብቻ ኳሱን ተዉት። ከቅርጫቱ ሥር ያለውን ረጅሙን ልጅ ተመልከቱ። ወረቀትና እርሳስ ያዙ፤ ወደሱ ገስግሶ የተመለሰውን ሁሉ አንድ አንድ ጭረት አድርጉ። ከዚያ የናንተን ጭረት ከቴሌቪዥኑ ብሎክ ጋር አስተያዩና ስንት እንደሆነ ንገሩኝ። እኚያ ሽማግሌ አሰልጣኝ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠይቁኛል።